በቻይናዊቷና በሚያንኳኳው ሰውዬ መካከል

አባቴ የሚኖረው በቻይናዊቷ ሴትዮና በሚያንኳኳው ሰውዬ መካከል ነበር። ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ይህን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። የሬዲዮው መርፌ የምትሄድበት መንገድ አለ፤ በመንገዱ ዳር ደግሞ ሰዎች እንደ ጎረቤት ተራ በተራ ተቀምጠዋል። ከግራ ጫፍ ሲጀመር መጀመሪያ የሚገኘው ያለ ዕረፍት የሚያፏጨው ነው። ከሱ አለፍ ሲሉ አንድ ላይ የሚዘምሩ ሩሲያውያን አሉ። ቀጥሎ ማንም የማይኖርበት፣ እንደ ጠጠር ናዳ የሚንሿሿ ሜዳ ይመጣል። ከሜዳው ማዶ ቻይናዊቷ ሴትዮ ትቆጣ ይሁን ዜና ታንብብ በማይለይ ድምፅ ታወራለች። ከእሷ በስተቀኝ፣ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ በር እንደሚደበድብ እንግዳ ቲ-ቲ-ታ እያለ የሚያንኳኳው ሰውዬ አለ። የአባቴን ድምፅ የምንጠብቅበት የማዶ አገር ጣቢያ የሚገኘው በሁለቱ መሃል ባለችው ጠባብ ክፍተት ነው። ጣቴን ካጠነከርኩ አባቴን አልፌው የምሄድ እየመሰለኝ እፈራ ነበር።

ማዞሪያውን የማዞረው እኔ ነበርኩ። የእናቴ የአማ ጣቶች ሬዲዮው ሲከፈት መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ የአባቴ እናት አፒ ደግሞ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል። ሥራው ለእኔ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ እኔ ግን ተመርጬ መስሎኝ እኮራ ነበር። ሬዲዮው ቆዳ የለበሰ፣ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚጎርስ፣ አባቴ ትቶት የሄደ ዕቃ ነው። ድንጋዩ ሲደክም ጠዋት ጣሪያ ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን፤ ከሰዓት በኋላ አማ ብብቷ ውስጥ ይዛ ታሞቀዋለች። አንዱ ሽቦ ከጣሪያው እስከ ጎረቤት ዛፍ ተወጥሯል፤ ሌላው በመስኖው ቦይ ዳር መሬት ውስጥ ከተተከለ ብረት ጋር ታስሯል። የብረቱ ሥር ከደረቀ ድምፁ ይጠፋል። ጨው ድምፅ ይስባል ስለሚባል ብረቱን በጨው የተፈላ የቅቤ ሻይ እናጠጣዋለን። በእኛ አገር ሻይ መጀመሪያ የሚቀዳው ለእንግዳ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን መጀመሪያ የሚቀዳው ለብረቱ ነበር።

አባቴን ቁርባን አሊን አይቼው አላውቅም። አማ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፣ የደረቀ አፕሪኮት በአህያ ጭኖ የሽዮክን ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል ወደ ስካርዱ ከተማ ወረደ። የበረዶውን ወራት እዚያ መንገድ ሥራ ሠርቶ፣ በረዶው ሲቀልጥ ሊመለስ ነበር። በታኅሣሥ ጦርነት መጣ። አንድ ሌሊት ተኩስ ሲሰማ አደረ፤ በነጋታው ድልድዩ ጋ ያለው የወታደር ካምፕ ባንዲራው ተለውጦ ተገኘ። ትናንት ፓኪስታን የነበርን ሰዎች ሕንድ ሆንን፣ አባቴም ከአዲሱ የድንበር መስመር ማዶ ቀረ። ወንዙ ይሻገራል፣ ቁራው ይሻገራል፤ ሰውና ደብዳቤ ግን አይሻገርም።

እኔ የተወለድኩት አፕሪኮት ሲበስል ስለሆነ መንደሩ ሁሉ ቹሊ ይለኛል፤ በቋንቋችን አፕሪኮት ማለት ነው። ሌላም ስም አለኝ። ሕፃን ሲወለድ አኾን፣ የመንደሩ ሼህ ማለት ነው፣ አዛን በጆሮው ካሰሙ በኋላ የመጽሐፍ ስም ያወጡለታል። የእኔ ሻሕርባኑ ነው። በዚያ ስም የሚጠሩኝ አኾን ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቁርኣን ሊያስቀሩኝ ሲቀመጡ። ለእኔ ሻሕርባኑ ማለት ትምህርቷን ሳታጠና የመጣች ሌላ ልጅ ነበረች።

አኾንን እጠላቸው ነበር። ስጠላቸው እንኳ አንቱ እያልኩ ነው፤ በእኛ ቤት ጥላቻም ሥርዓት አለው።

ጥላቻው የጀመረው ከመካ በተመለሱ ዓመት ነው። ከመንደራችን ሐጅ የሄደ ሰው ከጦርነቱ ወዲህ እሳቸው የመጀመሪያው ነበሩ። መካ ላይ የማዶ ሰውና የእኛ ሰው ሊገናኝ እንደሚችል ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለዚህ አኾን ሲመለሱ ቤታቸው እንደ ሠርግ ቤት ሞላ። የዘምዘም ውኃና ተምር አደሉ። አንዱ ስለ ወንድሙ፣ ሌላዋ ስለ ልጇ ጠየቀቻቸው፤ ለአንዳንዱ መልስ ነበራቸው። አማ ሰው እስኪበተን ጠበቀች።

"አኾን፣ ከማዶ የመጣ ሰው ስለ ቁርባን አሊ አልነገረዎትም?"

አኾን ውኃ እየቀዱላት ነበር። ኩባያው ሞልቶ በእጇ ላይ ፈሰሰ። "ሰው ብዙ ነው፣ ልጄ" አሉ ኩባያውን እያዩ። "እሱን የሚያውቅ አላገኘሁም።"

"ዋናው እርስዎ በሰላም መግባትዎ ነው" አለች አማ፤ ውኃውን ጠጣችው። አኾን ለእኔ ከሌሎቹ ልጆች አንድ ተምር ጨምረው ሰጡኝ። ቁርኣን ጎብዤ መስሎኝ ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የእናቴ ወንድም አጎቴ ሙርታዛ አኾንን ይዞ ቤታችን መጣ። እኔ ጥግ ተቀምጬ የአፕሪኮቱን የውስጥ ፍሬ በድንጋይ እሰብር ነበር። ትልልቆች ልጅ ሥራ ከያዘ ጆሮ ያለው አይመስላቸውም።

"እህቴ፣ እስከ መቼ ነው?" አለ ሙርታዛ። "ባል ያላት አይደለሽ፣ ባል የሞተባት አይደለሽ። ሰው ከሁለት አንዱን ይሆናል።"

"ባል አለኝ" አለች አማ።

"የታለ?"

"ማዶ።"

"ማዶማ ከተማም አለ፣ መቃብርም አለ። ቢኖር በስምንት ዓመት አንድ ቃል አይልክም ነበር? የስንቱ ሰላምታ በሬዲዮ ሲነበብ እየሰማን አይደል? እኔ የራሴ አራት ልጆች አሉኝ፤ የአንቺን ማሳ ማረስ ወገቤን ቆረጠው። ሰውየው ደህና ሰው ነው። ለካምፑ ዕቃ የሚጭኑ በቅሎዎች አሉት። ሚስቱ ሞታበታል።"

"ቹሊስ?"

አፒ ናት የመለሰችው። "ቹሊ የልጄ ልጅ ናት" አለች ከምድጃው አጠገብ። "የአባቷን ቤት ለቃ አትሄድም። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።"

ያን ጊዜ ገባኝ፤ የገባኝ ግን ግማሹ ነው። አማን በቅሎ ያለው ሰው ሊወስዳት ነው፣ እኔ ከአፒ ጋር ልቀር ነው። አባቴ ከተገኘ ግን ማንም አይወስዳትም። ሙርታዛ ክፉ ሰው አልነበረም። ዛሬ የእኔ ዕድሜ ከዚያን ጊዜው የእሱ ዕድሜ አልፏል፤ ሁለት ቤት የሚያርስ ሰው ማታ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ፍሬ የምሰብርበትን ድንጋይ ጭንቅላቱ ላይ ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር።

"አኾን፣ ይፍረዱን" አለ ሙርታዛ። "እርስዎ ባይፈቱልኝ ከካርጊል ሌላ ዓሊም አመጣለሁ። እሱ መጽሐፉን ገልጦ በአንድ ቀን ይፈታታል።"

አኾን ጢማቸውን ደባበሱ። ከዚያ "አፕሪኮቱ እስኪበስል ይጠበቅ" አሉ። "እስከዚያ ከቁርባን አሊ ቃል ከመጣ፣ ሁለት የታመኑ ሰዎችም በጆሯቸው ከሰሙት፣ ሚስቱ ናት፤ ማንም አይነካትም። ካልመጣ እፈታታለሁ።"

"ቃሉ በምን ይመጣል?" አለ ሙርታዛ። "በቁራ?"

"በሬዲዮም ቢሆን" አሉ አኾን። "ሐሙስ ሐሙስ እኔ ራሴ እየመጣሁ እሰማለሁ።"

እኔ እንደ ሹፈት ቆጠርኩት። ሬዲዮው አባቴን ጠርቶት እንደማያውቅ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የማይሆን ነገር አስቀመጡልን። የማይሰጡትን ሰው ነገ ና ይሉታል እንደሚባለው ነው ብዬ ተናደድኩ።

የሰላምታው ዝግጅት የሚተላለፈው ሐሙስ ማታ ከመግሪብ ሶላት በፊት ነው። የጣቢያው ሰው በእኛው ቋንቋ በመስመሩ የተለያዩ ዘመዶች የላኩትን ቃል ያነብባል፤ እገሌ የእገሌ ልጅ፣ ከዚህ ቦታ፣ እዚያ ላሉት ለእነ እገሌ፣ ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ። ሌላ ነገር የለውም። አማ ወታደር እንዳይሰማብን መስኮቱን በፍራሽ ትደፍነዋለች፤ የማዶን ጣቢያ የሚያዳምጥ ሰው በዚያን ዘመን መልካም ስም አልነበረውም። አፖ ሩስተም፣ የመንደሩ ሹም፣ ሁለተኛው ምስክር ናቸው። ጆሯቸው ስለደከመ ከሬዲዮው ሥር ቁጭ ብለው ጉንጫቸውን ሊያስደግፉት ምንም አይቀራቸውም። አጎቴ ምድጃው ጋ ይቀመጣል። አኾን በሩ አጠገብ ሆነው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

አንድም ሐሙስ ዝም ብለው አያውቁም።

"አልፈሽው እንዳይሆን።"

"አላለፍኩትም፣ አኾን።"

"ትንሽ መልሺው እስቲ።"

ስመልሰው ቻይናዊቷ ጆሯችን ላይ ትጮኻለች፤ ሳሳልፈው ሰውዬው ያንኳኳል። የእሳቸው ጥድፊያ እጄን ያሳስተኝ ነበር። ሆን ብለው የሚያምታቱኝ፣ አባቴን እንዳላገኘው የሚፈልጉ መሰለኝ። ስለዚህ ለእንግዳ የሚቀርበውን የተሰበረ ፍሬ ሳዘጋጅ መራራ መራራውን እየመረጥኩ በእሳቸው ሳህን ላይ አደርግ ነበር። አንዱን ሳይተፉ ሁሉንም በሉት። ዛሬ ሳስበው ምን እየበሉ እንደሆነ ያወቁም አይመስለኝም።

ድምፁ እንደ በሽተኛ ትንፋሽ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል። አንድ ሐሙስ "ከቁርባን" አለና ጠፋ። አማ ብድግ አለች። ተመልሶ ሲመጣ "…ከኻፕሉ፣ ለእህቱ" አለ፤ የሌላ ሰው ቁርባን ነበር። አማ ቆማ ቀረች፤ ለምን እንደተነሳች የረሳች ሰው ትመስል ነበር። አፒ በዳበሳ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት። ሌላ ሐሙስ ነፋሱ ሽቦውን በጠሰው፤ ቀጥሎ ባለው ድንጋዩ አለቀ፤ ሬዲዮው እንደ ትንኝ ጢዝ ብሎ ዝም አለ። አማ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥታ በጥርሷ ነከሰቻቸው፤ ሲነከሱ ትንሽ ነፍስ ይዘራሉ ይባላል። አልዘሩም።

በዚያ ሰሞን አማ ጠባይዋ ተለወጠ። ምድጃ ማቀጣጠል አስተማረችኝ። አፒን እንዴት እጇን ይዤ ወደ ውጭ እንደምወስዳት፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንደምትሰናከል አሳየችኝ። ሻይ መናጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ፀጉሬን ራሴ መሥራት። ስሳሳት አትቆጣም፤ "ድገሚው" ትላለች፣ ደግሜ ደግሜ እስኪሆን። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ መስሎኝ ለጎረቤት ልጆች ጉራዬን ነዛሁ። አማ ልትሄድ እየተሰናዳች መሆኑን የሚያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም አልሰማውም ነበር። ስተኛ ያንገት ልብሷን ጫፍ ከእኔ ጋር ትቋጥረው ነበር። ጠዋት ስነቃ ሁልጊዜ ተፈትቶ አገኘዋለሁ።

አፕሪኮቱ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ ከዚያ ቢጫ ሆነ። በሕይወቴ የጠላሁት ፍሬ ያ የዚያ ዓመቱ ነው። ማለዳ ተነስቼ የዛፉን ግንድ ይዤ "ቆይ፣ ትንሽ ቆይ" እለው ነበር። አንድ ቀን ጣሪያችን ላይ ጧ ብሎ የመጀመሪያው ወደቀ። አማ ሊጥ እያቦካች ነበር፤ እጇ ሊጡ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

የመጨረሻው ሐሙስ ሙርታዛ በቅሎ ይዞ መጣ። በቅሎው የሰውየው ነው፤ ጀርባው ላይ አዲስ ምንጣፍ ተደርጎበት ደጃችን ላይ ታሰረ። አማ የራሷን ልብስ በአንድ ጨርቅ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች። አልቅሼ አላውቅም ማለት እችላለሁ፤ ያን ቀን ግን ሳላለቅስ እንባዬ ብቻ ይወርድ ነበር።

አኾን ገብተው ከጉያቸው አራት ድንጋይ አወጡ። ከመካ ካመጡት የእጅ ባትሪ ያወጡት ነው። "ይህን አግቢበት" አሉኝ። ቶሎ እንዲያልቅ ፈልገው ነው ብዬ እያየኋቸው አልተቀበልኩም፤ አማ ናት የተቀበለችው። ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ የሻዩን ማንቆርቆሪያ ከምድጃው ላይ አንስተው ወጡ። በበሩ ሳይ፣ ጥምጣማቸው እየወረደ፣ ጉልበታቸው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ሻዩን ሁሉ ብረቱ ሥር እያፈሰሱ ነው። ለእንግዳ ምንም ሳያስቀሩ ጨረሱት።

ሬዲዮውን ከፈትኩ። አዲሱ ድንጋይ ድምፁን ቤት ሙሉ አደረገው። የሚያፏጨውን አለፍኩ፣ ሩሲያውያንን አለፍኩ፣ ሜዳውን ተሻገርኩ። ቻይናዊቷ የለችም።

መርፌዋን መለስኩ፤ የለችም። በቦታዋ ጠጠር ብቻ ይንሿሿል። ሴትዮዋ በዚያን ቀን ለምን ዝም እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ያለ እሷ መንገዱ ጠፋብኝ፤ ጣቴ በላብ ይንሸራተታል።

"አለፍሽው?" አሉ አኾን። ድምፃቸው ተሰነጠቀ።

"እንጃ" አልኩ።

"አይዞሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ከወዲያኛው በኩል ነይ።"

ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ቀኝ ርቄ ሄድኩ። የሚያንኳኳውን ሰውዬ አገኘሁት። ከሱ ተነስቼ ወደ ኋላ፣ ቀስ፣ ቀስ ብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ መጣሁ። የጣቢያው ሰው ከጠጠሩ ውስጥ ብቅ አለ። ማንበብ ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ስም፣ ሌላ ስም፤ አንዲት እናት፣ አንድ ወንድም። ድምፁ ሊሄድ ሲል እጄን ከሬዲዮው ጎን አስጠጋሁ፤ እጅ ሲጠጋ አንዳንዴ ይቆያል። ቆየ።

"ከስካርዱ፣ ቁርባን አሊ የሐይደር ልጅ" አለ ሰውየው። "ለእናቱ ለሱግራ፣ ለባለቤቱ ለሩቃያ፣ ለልጁ ለሻሕርባኑ። ደህና ነኝ። አላህ እስኪያገናኘን ታገሡኝ።" ወዲያው ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

ማን እንደሆነች ለመረዳት አፍታ ወሰደብኝ። ሻሕርባኑ። ትምህርቷን ያላጠናችው። ከዚያ እኔ መሆኔን አወቅኩ፤ የማያውቀኝ አባቴ ያውቀኛል፣ ስሜን በተራራው ላይ አሻግሮ ጠራው። አማ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

"ምን አለ?" ይላሉ አፖ ሩስተም። "እኔ ሱግራ ሲል ሰምቻለሁ። ሱግራን ከልጇ በቀር ማን ይጠራታል? ሰምቻለሁ፣ እመሰክራለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አሉ አኾን። ከዚያ በላይ አልተናገሩም። ሊነሱ ሞክረው አቃታቸው፤ አጎቴ ነው ብብታቸውን ይዞ ያነሳቸው።

አፒ ሬዲዮውን አቅፋ ትስመዋለች። "ልጄ፣ ልጄ፣ ሰፊው ደረቴ" ትለዋለች። ሙርታዛ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆየና "እንግዲህ ምን እላለሁ" አለ፤ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። "ለእኔም እኮ ወንድሜ ነው። እሰየው።" ወጥቶ በቅሎውን ፈታና ይዞት ሄደ።

አማ ደግሞ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ፣ ሳቋ አላቆም አለ። ከዚያ የታጠቡትን ድስቶች ሰብስባ እንደገና ልታጥብ ወደ ቦዩ ወረደች። ስትመለስ ጣቶቿ በአሸዋ ተልጠው ደም ይዘው ነበር። በደስታ ነው አልኩ።

ሰላምታው ሁለተኛ አልመጣም። እኔ ለዓመታት ማዞሪያውን አላቆምኩም። አፒ በሁለተኛው ዓመት ሞተች፤ "ቁርባን ደህና ነው፣ ስሜን ጠርቷል" እያለች፣ ጠግባ እንደተኛች ሰው። ከካርጊል የመጣ ዓሊም የለም፤ ባል ያላትን ሴት ማንም አይጠይቅም። አማ ልብሷን ከቋጠረችበት ጨርቅ ፈትታ መለሰችው። ማሳውን ራሷ አረሰች፣ ወገቧ ጎበጠ፣ ሌላ ልጅ አልወለደችም። በየዓመቱ ከዛፉ መጀመሪያ የሚለቀመው ቅርጫት ለአኾን ቤት ይሄዳል። ይህን ለምን እንደምታደርግ ጠይቄያት "ጎረቤት ናቸው" አለችኝ። ቤታቸው ግን ከመንደሩ ሌላኛው ጫፍ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ አኾን ሞቱ። በእኛ አገር ለሼህ ይለቀሳል፤ እናቴ እንዳለቀሰችው ግን አይለቀስም። ከሴቶቹ ሁሉ ፊት ወጥታ ደረቷን ደቃች፣ ሻሿን ቀደደች፣ ፊቷን ቧጠጠች፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች፣ ከተዘጋ በኋላም አፏ ተከፍቶ ነበር። የአኾን ሚስት እንኳ ማልቀሷን ትታ አየቻት። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከኋላዬ አንዲት ጎረቤታችን "ለሼህ እንዲህ ያለቀሰች ለባሏ ቀን ምን ልትሆን ነው?" ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ከዚህ የባሰ ነገር አለች። ስንመለስ አማን መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም።

አሁን ዘመኑ የስልክ ነው። መስመሩ እዚያው አለ፤ ፊት ግን በስልክ ይሻገራል። ባለፈው ዓመት ስካርዱ ያለ አንድ ሰው ፈልጎ አገኘኝ፤ የአባቴ አክስት ልጅ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ሳል ያቋርጠዋል። ተሳስቀን፣ ተላቅሰን፣ ዝምድና ቆጥረን ስናበቃ፣ የማውቀው መስሎት የአባቴን መቃብር አነሳ። የሞተው በሁለተኛው የበረዶ ወራት፣ መንገድ ሥራው ላይ፣ ድንጋይ በድማሚት ሲፈርስ ነው። "አንቺ ያን ጊዜ ገና ዳዴ የምትይ ነሽ" አለኝ።

"ሰላምታውስ?" አልኩት።

"የቱ?"

ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ስለ መካ ነገረኝ። ያን ዓመት እሱም ሐጅ ነበር። ከመንደራችን የመጡ አንድ ሼህ አግኝተውት ስለ ቁርባን አሊ ጠየቁት፤ መሞቱን ነገራቸው። ሼሁ አለቀሱ። በነጋታው ፈልገውት መጡና የአንዲት ልጅ ስም እስኪይዘው ድረስ አስጠኑት። "ሂድና በጣቢያው አስነብበው። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን፣ አንተ እንደ ተላላኪ ነህ" አሉት። አገሩ ሲገባ ታመመ፤ ወረቀቱን ለጣቢያው ያደረሰው ዘግይቶ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ በሩ አጠገብ ተቀምጠው "አለፍሽው እንዴ" ይሉኝ የነበሩት ሰውዬ ታዩኝ። ሳህኑ ላይ ያለውን መራራ ፍሬም አየሁት።

የቀረኝ ለአማ መንገር ነበር። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ሳይሰናዳ። እኔ ግን ማንንም አልጠራሁም። ጣሪያ ላይ ወጥቼ አገኘኋት፤ ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራትም፤ የተከፈለ አፕሪኮት ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። አጠገቧ ተቀምጬ ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ፍሬ መፈልቀቅ ጀመርኩ።

"ከማዶ የደወለልሽ ሰው መቃብሩን ነገረሽ" አለች፣ ቀና ሳትል።

እጄ ቆመ። "መቼ ነው ያወቅሽው?"

"አንቺ የተጠራሽ ዕለት።" አንዱን አፕሪኮት አዙራ አሰጣችው። "አባትሽ ማርገዜን ሳያውቅ ነው የሄደው። ሻሕርባኑ ብሎ የሚጠራሽ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም በራችን አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የማዶ ሰዎች ስምሽን ከእሳቸው አፍ ካልሆነ ከየት ሰሙት? መካ ላይ የሚያውቀው አላገኘሁም ብለውኝ ነበር። ደህና ነው የሚል ሰው አግኝተው ቢሆን እየሮጡ መጥተው ይነግሩኝ አልነበር? ሰው የሚደብቀው መርዶ ነው።"

አማ ሌላ አፕሪኮት አነሳች።

"ጣቢያው ስምሽን ሲያነብ ነው ባሌ የሞተው" አለች። "አንቺ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ ትዘያለሽ። አፒ ሬዲዮውን ትስማለች። ወንድሜ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።"

"አንቺ ግን እኮ ሳቅሽ፣ አማ።"

"ባለቅስ መበለት መሆኔን ያውቁታል" አለች። "መበለትን ደግሞ ይድሯታል። ስለዚህ ሳቅኩ።"